የበየድኩት በር

ወንድሜ ኮይ የካቲት ላይ ሞተ። በቀብሩ ቀን ፓስተሩ በራቢት ክሪክ የአፈር ሜዳ በመኪና እሽቅድምድም አርባ አንድ ጊዜ አንደኛ መውጣቱን ሲናገሩ፣ ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ነው፤ አርባ አንዱንም እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ድሉ አይደለም። ባለፈው ነሐሴ በጓሮዬ ያሳለፍነው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

መኪናዋ የሠላሳ ዘጠኝ ሞዴል ፎርድ ናት። ከአንድ የዶሮ ነጋዴ ገዝተን፣ መስታወቷን አውልቀን፣ የኋላ ወንበሯን ጥለን፣ ስትገለበጥ እንዳትደፈጠጥ ጣሪያዋ ሥር የውሃ ቧንቧ በይደን ለውድድር ያበቃናት እኛው ነን። ኮይ ይነዳል፣ እኔ እጠግናለሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሁለታችንም ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ ነን። ቅዳሜ ስንወጣ ብናኙን ከፀጉራችን ሳናራግፍ ወደ ሜዳው እንበር ነበር። ውሃ የተረጨው ቀይ አፈር ሽታ፣ ሃያ ሞተር በአንዴ ሲነሳ ደረት ውስጥ የሚገባው ድምፅ፣ አጥሩ ላይ ተንጠላጥሎ የሚጮኸው ሕዝብ! ማግስቱን እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሀረብ አውጥቶ የተናፈጠ ሰው ሁሉ መሀረቡ በአፈሩ ቀይ ነበር። ማን ሜዳ ውሎ እንዳመሸ የዚያን ጊዜው ፓስተር በዚያ ያውቁ ነበር። ዛሬ ሜዳው ላይ ጥድ ተተክሎበታል።

ኮይ ሃያ አራት ዓመቱ ሳለ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ከኋላ ሲመቱት የግራ በሩ ተበረገደ። ግማሽ ሰውነቱ ውጭ ተንጠለጠለ፤ አንድ ጫማው ወድቆ ከኋላ የመጣው መኪና ሁሉ ሄደበት። እሱ ግን መሪውን አልለቀቀም። በጫማው ሳምንት ሙሉ ሳቅን። እኔም በውድድሩ ማግስት ሁለቱንም በሮች ከላይ እስከ ታች ዳር ዳራቸውን በየድኳቸው። እንደዚያ ያለ የብየዳ ስፌት ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አልወጣልኝም። ሰው በመጣ ቁጥር በጣቴ እየዳሰስኩ አሳይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ኮይ የሚገባውም የሚወጣውም በመስኮት ሆነ። ሌሎቹም ተከተሉን። በእኛ ዘንድ በበር የሚገባ ሰው ገበያ የሚሄድ ሰው ነው፤ ነጂ በመስኮት ነው የሚገባው። ይህን ለምደን ለምደን መኪና በር እንዳለው ራሱ ረስተን ነበር ማለት ይቻላል።

ሜዳው ሲዘጋ መኪናዋን ዶሮ ቤት ውስጥ አቆምኳት። ጡረታ ስወጣ ስድስት ዓመት ደከምኩባት፤ ቀለሙንም ቁጥሩንም እንደነበረ መለስኩ። መስከረም ላይ የድሮ ነጂዎች የሚገናኙበት ቀን አለ። ለዚያ ማስታወቂያ ኮይ መሪዋን ይዞ ፎቶ እንዲነሳ ፈለግሁ። ሚስቱ ኔልዳ ይዛው መጣች። አጥር የሚለየን ሆይት ፕሩትም ፎቶ ላነሳ ብሎ መጣ። ሆይት በዚያ ዘመን የኮይ ቀንደኛ ተቀናቃኝ ነበር።

"ይቅርብኝ" አለ ኮይ መኪናዋን ቆሞ እያየ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ቀኝ ዳሌው ብረት ነው፤ ሳንባውን የፋብሪካው ብናኝ ጨርሶታል።

"አንድ ደቂቃ ነው" አልኩት።

"ያንተን አንድ ደቂቃ አውቀዋለሁ፣ አንተ ልጅ።"

ሰባ አምስት ዓመቴ ነው። "አንተ ልጅ" ማለቱን እስኪሞት አልተወም።

ሣጥን ላይ አቆምነውና እግሩን አስቀድመን በመስኮቱ አንሸራተትነው። ደብዳቤ ፖስታ ሣጥን ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ሆይት ፎቶ አነሳው። ፎቶው ያምራል፤ አሁንም አለኝ።

"በል ና፣ ውጣ" አልኩት።

ክርኑን መስኮቱ ላይ አድርጎ ራሱን ሊያነሳ ሞከረ። ዳሌው መሪው ሥር አልታጠፍ አለ። ሁለተኛ ሞከረ። ሦስተኛው ላይ ሳል ያዘውና ተመልሶ ተቀመጠ። በፊትና በቀኝ በኩል እንዳናወጣው የራሴ ቧንቧዎች ተጋርጠዋል።

ሆይት ሳቀበት። "ኮይ፣ እድሜዬን ሙሉ የኋላ መብራትህን ነው ያየሁት። ዛሬ ገና ቆመህ አገኘሁህ!"

"ቆሜም ቢሆን እቀድምሃለሁ" አለው ኮይ።

ሁላችንም ሳቅን። ያን ጊዜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ጣሪያው በእጅ አይነካም። መኪናዋን ወደ ጥላ እንዳንገፋት ጎማዎቹ ለዓይን ብቻ የተገጠሙ ናቸው፤ ነፋስ አይይዙም። በብብቱ ገመድ አግብተን ሳብነው፤ ትከሻው ሲንቋቋ ሰምተን ተውን። የመስኮቱን ዙሪያ የዕቃ ሳሙና ቀባሁት። ከሥሩ ሳንቃ ልናስገባ ሞከርን፤ ወንበሩና ወለሉ መሃል ቦታ የለም። ኔልዳ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አንሶላ አውርዳ ከሆይት ጋር ጣሪያው ላይ ዘረጉት። በየመሃሉ ቀዝቃዛ ሻይ ታጠጣዋለች። ሳቁ ቆመ።

"እሳት አደጋዎቹን እጠራለሁ" አለች።

"አትጥሪ! እነሱ ጣሪያውን ነው የሚቆርጡት። እንደ ሰርዲን ቆርቆሮ ይከፍቷታል" አልኳት።

"ይክፈቷታ! ዶይል፣ ውስጥ ያለው ባሌ ነው፣ ሰርዲን አይደለም።"

"ሌላ መላ አይጠፋም። ትንሽ ታገሺኝ።"

"ወይዘሮ ኔልዳ፣ በሩን ቢቆርጠውስ?" አለ ሆይት። እኔን እያየ ነው ግን የተናገረው። "መቁረጫ ማሽኑ እኮ እዚያ መደርደሪያው ላይ ነው።"

መቁረጫው የት እንዳለ ከሱ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ሳሙና ስቀባም፣ ሳንቃ ስፈልግም፣ ገመድ ስቋጥርም ሳስበው የነበረው እሱኑ ነው። እንደዚያ ያለ ስፌት አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም፤ እጄ ዛሬ ይንቀጠቀጣል። ወንድሜ በሙቀት እየነደደ እኔ ይህን አስብ ነበር። ሳልሸሽግ ልጽፈው ብዬ ነው የጀመርኩት።

ኔልዳ በረዶ ልታመጣ ገባች፤ ሆይት ባልዲውን ሊይዝላት ተከተላት። ኮይ አሁን ከአንገቱ በላይ ቀልቶ፣ ከንፈሩ ነጥቷል። ትንፋሹ አጭር ነው።

"ዶይል" አለኝ። በስሜ ሲጠራኝ ደነገጥኩ። "እጄን እየው።"

መሪው ላይ ያለው እጁ ይርዳል።

"ሙቀቱ ነው" አልኩት።

"ሙቀቱ አይደለም። ያኔም ይርድ ነበር። ጓንት አደርግ የነበረው ለምን ይመስልሃል?"

"መቼ ያኔ?"

"በሩን ከበየድከው ጀምሮ። እግሬን በዚህ መስኮት ባስገባሁ ቁጥር፣ ዛሬ ከዚህ አልወጣም እል ነበር። ቤንዚኑ ከጀርባዬ፣ ብረቱ ዙሪያዬን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው።"

"አርባ አንድ ጊዜ አሸንፈሃል እኮ!"

"ቀድሞ የጨረሰ ቀድሞ ይወጣል፣ አንተ ልጅ። ለዚያ ነበር የምፈጥነው።"

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"ያን ስፌት እንደ ሙሽራ ፊት ስትዳስሰው እያየሁ? ምን ብዬ?" ሳለና እስኪያልፍለት ጠበቅሁ። "ስለ ሞተሩ ትጠይቀኝ ነበር። ስለ ጎማው፣ ስለ ፍሬኑ። ስለ እኔ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።"

ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "አውጣኝ" አለ።

ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ስመለስ ኔልዳና ሆይት በረዶውን ይዘው ቆመዋል። መቁረጫውን እጄ ላይ ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ። የእሳት ፍንጣሪ እንዳያቃጥለው ብርድ ልብስ በውሃ ነክሬ ላለብሰው ስል፣ ኮይ በሁለት እጁ ያዘኝ።

"ፊቴን አትሸፍን።"

"ያቃጥልሃል።"

"ያቃጥለኝ። እንዳትሸፍነኝ!"

ሆይት በቀኙ መስኮት ጎንበስ አለና በቧንቧዎቹ መሃል ረጅም ክንዱን ሰደደ። ፍንጣሪ የምከላከልበትን ነጭ መነጽሬን ኮይ ዓይን ላይ አደረገለት፤ ከዚያ እጁን ይዞት ቀረ። "እኔን እያየህ ቆይ" አለው። "እንዲህ በቅርብ ሆነን ሳንጋጭ ይህ የመጀመሪያችን ነው።"

ብርድ ልብሱን ከደረቱ በታች አለበስነው። ከታች ጀመርኩ። ማሽኑ ሲጮህ ሌላ ነገር አልሰማም ነበር፤ ኔልዳ ከጎኔ ሆና ፍንጣሪው ባረፈበት ሁሉ ውሃ ታፈሳለች። ስፌቱ እልኸኛ ነበር፤ ሁለት ዲስክ ጨረሰብኝ። ሦስተኛውን ስለውጥ ኮይ ዓይኑን ጨፍኖ አየሁትና የሞተ መሰለኝ።

"ኮይ!"

"ቁረጥ" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

የመጨረሻውን ጥግ ስጨርስ በሩ በአንዴ ተላቀቀ። ማጠፊያው ዝጎ አልቆ ስለነበር ሙሉ ክብደቱ ክንዴ ላይ አረፈ። ነፋስ ገባ። ነፋስ መሆኑን ያወቅሁት የኔልዳ ቀሚስ ሲርገበገብ አይቼ ነው።

ኔልዳ መነጽሩን አነሳችለት፤ በረዶውን አንገቱ ላይ፣ ግንባሩ ላይ አደረገች። ግራ ጉንጩ ላይ ሁለት ቦታ ተጠብሷል። ግራ እግሩን ቀስ ብሎ አወጣና መሬቱን ረገጠ። ሆይት ዞሮ መጥቶ ሊያነሳው እጁን ዘረጋ።

"ቆዩ" አለ።

"ምን ሆንክ? አመመህ?" አለችው ኔልዳ።

"የለም። ትንሽ ልቀመጥ።" አንድ እግሩ ውጭ፣ አንድ እጁ መሪው ላይ፣ ትንፋሹ እየረዘመ ሄደ። ኮፈኑን አየ፣ ጣሪያውን አየ፣ ዳሽቦርዱን በመዳፉ ጠረገው፤ መኪናዋን ገና የገዛት ይመስል ነበር። እጁ አይርድም።

"ጥሩ መኪና ናት እኮ" አለኝ።

ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ሆይት በሩን ሊቀበለኝ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ እንቢ አልኩት። ወንድሜ በቃኝ ብሎ እጁን እስኪሰጠኝ ድረስ ያን በር ተሸክሜ ቆምኩ።