መረማመጃ ድንጋዮች

ውባለም ስድስተኛውን ድንጋይ አንከባልላ አመጣችና በራፏን አቋርጦ በሚወርደው ጥቁር ፍሳሽ ውስጥ ጣለችው። ፍሳሹ ተፈናጥቆ የቀሚሷን ጫፍ ነካ።

"ድፍት ያርግህ!" አለች። የረገመችው ድንጋዩን አልነበረም።

ፍሳሹ የሚመጣው ከግቢው የጋራ መጸዳጃ ቤት ነው። ጉድጓዱ ከሞላ አራት ወር አልፎታል። ከግቢው ዘጠኝ ክፍሎች የመጨረሻዋ፣ ለመጸዳጃ ቤቱም የቀረበችው የእሷ ክፍል ስለሆነች፣ ሞልቶ የፈሰሰው ሁሉ በእሷ ደጃፍ ያልፋል። ክረምቱ ወጣ፣ የንፋስ መውጫ ከተማ መንገድ ሁሉ ደርቆ አቧራ ሆነ፣ የእሷ በራፍ ግን እንደራሰ ቀረ። ሌላ ቀን ቢሆን ዘልላ ታልፈው ነበር። ዛሬ ግን ጥቅምት ሃያ አንድ ነው፤ የማርያም ጽዋ ማኅበር ተረኛዋ እሷ ናት። ጽዋው ወሩን ሙሉ እሷ ቤት ተቀምጦ፣ ዛሬ ጠላው ተጠጥቶ ዳቦው ተቆርሶ ሲያበቃ ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል። በዘጠኝ ሰዓት ነጭ የለበሱ አሥራ ሁለት ማኅበርተኞችና አንድ ቄስ በዚህ ጉድ ላይ ተራምደው ሊገቡ ነው። ስለዚህ ድንጋይ ደረደረች፣ በላዩም አመድ ነሰነሰች። የሌላ ሰው ቆሻሻ እንዲያምር ስትደክም ማርፈዷን ስታስበው ደሟ ፈላ።

ደሟ የሚፈላበት በቂ ምክንያት ነበራት። የሰባት ዓመት ልጇ ቤቲ በነሐሴ ወር ለአሥራ ስድስት ቀን በታይፎይድ ተኝታ፣ ከሞት ነው የተመለሰችው። የጤና ጣቢያዋ ነርስ "መጸዳጃችሁ እንዴት ነው?" ብላ ስትጠይቃት ውባለም መሬት መሬት አይታ ነበር። እንዲያ ያፈረችበት ቀን ትዝ አይላትም። ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው መሆኑ የገባት ወደ ቤት ስትመለስ ነው።

ያ ሌላ ሰው እንዳልካቸው ነው። የግቢው ባለቤት አቶ ቢሆነኝ ባሕር ዳር ስለሚኖር ኪራዩን የሚሰበስብለት ታናሽ ወንድሙ እንዳልካቸው ነው። እሱ ግን ራሱን ኪራይ ሰብሳቢ አይልም፤ "የግቢው አስተዳደር" ነው የሚለው። ለዚሁም ብሎ ክብ ማኅተም አስቀርጿል። አስተዳደሩ አንድ ሰው፣ አንድ ደብተርና አንድ ማኅተም ነው። ይህ አስተዳደር ለእያንዳንዱ አምፖል ያስከፍላል፤ ቧንቧውን በቁልፍ ቆልፎ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይከፍታል፤ በየሦስት ወሩም "የመጸዳጃ ማስመጠጫ" እያለ ከየክፍሉ አራት አራት መቶ ብር ይቀበላል። ሁለት ጊዜ ተቀብሏል። መጣጩን መኪና ግን እስከዛሬ ያየው ሰው የለም። በሦስተኛው ጊዜ ውባለም "መኪናው ሲመጣ እከፍላለሁ" አለች። ከትናንት በስቲያ በበሯ ሥር ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ገባ፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ቤቱን ልቀቂ ይላል።

አራት ሰዓት ገደማ ማኅተሙ ራሱ መጣ። እንዳልካቸው ነጠላውን አጣፍቶ፣ በድንጋዮቹ ላይ እየተራመደ መሃል ላይ ደረሰና ቆመ።

"ጥሩ አርገሽ ደርድረሻል። እንዲህ ከተደረገ ምን ችግር አለ ታዲያ?"

"ችግሩ ከቆሙበት ሥር ነው፣ ጋሽ እንዳልካቸው።"

"ደግሞ ጀመረሽ! ወረፋ ነው አላልሁሽም? መኪናው አንድ ነው። እስቴ ይጠራዋል፣ ወገዳ ይጠራዋል፣ አርብ ገበያ ይጠራዋል። ለአንቺ በራፍ ብሎ አይበር!"

"ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ።"

"ሦስተኛውን አልከፈልሽም። በዚያ ላይ 'በልቶታል' እያልሽ ስሜን በየቤቱ አንስተሻል።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚ፣ በአንድ ጽዋ የተቀመጥን ሰዎች ነን። ዛሬ በማኅበሩ ፊት ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ፣ ገንዘቡን ታስገቢያለሽ፣ እኔም ወረቀቱን እቀደዋለሁ። ጽዋውን ካንቺ የምቀበለው እኔ ነኝ። ወንድሜ ቢሆነኝም ጽዋው ቤቴ ሲገባ ለማየት ብሎ ከባሕር ዳር መጥቷል። ቀኑን እንዳታበላሺብኝ።"

ውባለም አካፋዋን አንሥታ ገባች። የማኅበሩን ነገር እንዳልካቸው ሁልጊዜ እንደ ጋሻ ነው የሚያነሣው። ከግቢው ተከራዮች ሰባቱ ማኅበርተኞች ናቸው፤ አንዳቸውም ቀበሌ ሄደው ያልከሰሱት "የጽዋ ወንድም እንዴት ይከሰሳል" እየተባባሉ ነው። ማኅበሩ ደግሞ የጸና ደንብ አለው፤ የተቀያየሙ ሰዎች ሳይታረቁ ጽዋ አይቀባበሉም። ስለዚህ በየዓመቱ ማን ይቅር ይላል? ተከራዩ። ማን ይከፍላል? ተከራዩ።

ኑሪያ ለእንግዶቹ ቦታ እንዲሰፋ አልጋውን በማውጣት ልታግዛት መጣች። ኑሪያ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ የምትኖር ልብስ ነጋዴ ናት፤ ሙስሊም ስለሆነች የጽዋው ነገር አይመለከታትም። ውባለም የምትተዳደርበትን የልብስ ስፌት መኪና ለሁለት ተሸክመው ወደ ኑሪያ ክፍል ሲያስገቡ ቤቲ እዚያ ቁጭ ብላ ሥዕል ትሥል ነበር።

"ወሰንሽ?" አለች ኑሪያ።

"ምን እወስናለሁ? በአሥራ አምስት ቀን የት ቤት አገኛለሁ? የስድስት ወር ቅድሚያ አምጪ ይሉኛል። የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ስፌት ገና አልጨረስሁም። ይቅርታ ብል ምን ይጎድልብኛል?"

"አላውቅም። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ማክሰኞ ዕቃ ላመጣ ደብረ ታቦር ወርጄ የመጣጩን መኪና ሾፌር ፈልጌ ስልኩን ይዣለሁ። እኔ የማንም ማኅበርተኛ አይደለሁ፣ ማን ይቆጣኛል!" ስልኳን አወጣችና ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"ንፋስ መውጫ?" አለ ሾፌሩ። "ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ።"

"የአቶ ቢሆነኝ ግቢ ወረፋው ስንተኛ ነው?"

"የምን ወረፋ? ከዚያ ግቢ ደውሎልኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ዛሬ ብትደውሉና ቀብድ ብትልኩ ከነገ ወዲያ እመጣለሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። ውባለም ቀና ብላ ቤቲን አየቻት። የልጅቱ ክንድ ከበሽታው ወዲህ እንደቀጠነ ነው። ውባለም የሆነ ነገር ልትሰብር ፈለገች፤ ዙሪያዋን ብታይ ግን የሚሰበረው ሁሉ የኑሪያ ዕቃ ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ማኅበርተኞቹ ገቡ። እየተደጋገፉ፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው፣ ስለ ሽታው ምንም ሳይሉ በድንጋዮቹ ላይ አለፉ። መምሬ ገብረ መድኅን ከሁሉም በኋላ በመቋሚያቸው እየተመረኮዙ ተሻገሩ። ጸሎት ተደረገ፣ ዳቦው ተባረከ፣ ጠላው ተቀዳ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በመካከል ተቀመጠ። የሚነሣበት ጊዜ ሲደርስ መምሬ እንደተለመደው ጠየቁ።

"በመካከላችሁ ቂም የያዘ አለ? ካለ አሁን ይናገር።"

ሁሉም ወደ ውባለም ሳያዩ ስለ ውባለም አሰቡ። እንዳልካቸው ብድግ አለ።

"አባቴ፣ ውባለም ሌባ ነህ ብላኛለች። እኔ ግን ለእመቤታችን ብዬ ይቅር ብያታለሁ። እሷም ይቅርታ ትጠይቀኝና ጽዋዬን በፍቅር ልውሰድ።"

"በይ እንጂ ውባለም" አለ አምስተኛው ክፍል የሚኖረው መምህር ወርቁ፣ ዓይኑን ከዋንጫው ሳያነሣ። "አንድ ቃል ናት። የግቢውን ጉዳይ ከጽዋው ጋር አናገናኘው።"

"እኔ ነኝ ያገናኘሁት?" አለች ውባለም። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። "ዛሬ ጧት ይቅርታ ካልጠየቅሽ ከቤት ትወጫለሽ ያለኝ ማነው? ጋሽ ወርቁ፣ አንተስ ስምንት መቶ ብርህን ሰጥተህ የለም? ሾፌሩን ደውለን ጠየቅነው። ከዚህ ግቢ የደወለልኝ የለም፣ ወረፋ የሚባልም የለም ብሏል። ልጄን ልቀብራት ነበር!" ወደ መምሬ ዞረች። "አባቴ፣ በማርያም ፊት አልዋሽም። አልታረቅሁም።"

እንዳልካቸው "እኔ ይቅር ብያታለሁ እኮ!" ብሎ ወደ ቄሱ ተጠጋ።

"አንተ ምን ተበድለህ ነው ይቅር የምትል?" አሉ መምሬ። "ተበድያለሁ ያለችው እሷ ናት፤ ይቅርታውም የእሷ ነው። ገንዘቡን ለባለመኪናው ሰጥተሃል?"

"አሁን... ገንዘቡ ለሌላ አጣዳፊ ነገር ወጥቶ ነው እንጂ..."

"ለምኑ?"

እንዳልካቸው ላቡን ጠረገ። ያኔ ከጥግ በኩል የሁለተኛው ክፍል ተከራይ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ተናገሩ። ዘጠኝ ዓመት በግቢው ሲኖሩ ከሰላምታ በቀር ድምፃቸው ተሰምቶ አያውቅም።

"እኔም አልታረቅሁም" አሉ። "በሰኔ ክንዴ የተሰበረው እዚያ ፍሳሽ ላይ አንሸራትቶኝ ነው። ዝም ያልሁት ለጽዋው ብዬ ነበር። እሱ ግን ለጽዋው ብሎ ምን አደረገ?"

መምሬ ገብረ መድኅን ጨርቁን በጽዋው ላይ አስተካከሉ። "ደንቡን ታውቁታላችሁ" አሉ። "ጽዋው ዛሬ ከዚህ ቤት አይነሣም። ነገሩ ሲያልቅ ይነሣል።" ይህን ብቻ ብለው ተነሥተው በድንጋዮቹ ላይ ተሻግረው ሄዱ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። ወርቁ ራሱን ነቅንቆ ወጣ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንዳልካቸው ተመለሰ። የጧቱ ኩራት አብሮት አልነበረም።

"ቢሆነኝ ጽዋው ለምን ዘገየ እያለ ነው" አለ። "እስካሁን ቄሱ አሟቸው ነው ብዬዋለሁ። ይኸው እይ።" ማኅተም ያረፈበትን የወረቀቱን ቅጂ ከኪሱ አውጥቶ ለአራት ቀደደው። "ከቤቱ አትወጭም። ማስመጠጫም ከእንግዲህ አትከፍይም። ለሁለት ዓመት ኪራይ አልጨምርብሽም። ታርቀናል በይና ጽዋውን ስጪኝ።"

ውባለም የተቀደደውን ወረቀት አየች። ክፍሏ፣ የስፌት መኪናዋ፣ የቤቲ ትምህርት ቤት ሁሉም በአንድ ቃል ሊቀሩላት ነው። እውነት ለመናገር ልቧ አንድ ጊዜ ሸፈት ብሏል።

"ለእኔ ብቻ?"

"ለአንቺ ብቻ። ለማንም አትንገሪ።"

"እማማ ማንጠግቦሽስ?"

"አሮጊቷን ተያት።"

"ጉድጓዱስ?"

"እሱን እናየዋለን!"

ሸፈት ያለው ልቧ ተመለሰ። እንዲያውም ከጧቱ ብሶ ተናደደች፤ ይህ ሰው ዋጋዋን እንዲህ አሳንሶ መገመቱ ከፍሳሹ በላይ ሸተታት።

"ጽዋውን ከፈለጉ ወንድምዎን ይዘው ይምጡ" አለች። "አቶ ቢሆነኝ እዚህ በራፌ ላይ ይቁምና ምን እንደተከፈለ እኔ ልንገረው። ከዚያ በኋላ ስለ እርቅ እንነጋገራለን።"

"ቢሆነኝን? እዚህ?"

"እዚህ። ካላመጡት ነገ ጧት እኔ ጽዋው ለምን እንደቀረ ልነግረው እሄዳለሁ።"

እንዳልካቸው ዞሮ በድንጋዮቹ ላይ ዘለል ዘለል እያለ ወደ ግቢው በር ሮጠ። ጫማው ላይ ጠብታ አላረፈም። ውባለም ያንን አየች።

ቀሚሷን ከፍ አድርጋ አሰረችና ወረደች። አጎንብሳ የመጀመሪያውን ድንጋይ በሁለት እጇ ጨብጣ ነቀለችው። ጥቁሩ ውሃ ቦታውን ሞላው። ሁለተኛውን ነቀለች፣ ሦስተኛውን ነቀለች።

ኑሪያ በሯ ላይ ብቅ አለች። "ኧረ ምን ሆነሻል? ሰው በምን ይሻገር?"

"ባለቤቱ ሊመጣ ነው።"

"ታዲያ ለባለቤቱ ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ!"

"ለማኅበርተኛው ነበር የደረደርሁት" አለች ውባለም። "እሱ ግን በገዛ ግቢው ፍሳሽ ውስጥ ይለፍ።"

ኑሪያ ጥቂት አየቻትና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ፍሳሹ ውስጥ ገባች፤ አራተኛውን ድንጋይ ለሁለት አነሡት። ከግቢው በር በኩል የሁለት ወንዶች ንግግር ተሰማ፤ አንደኛው የእንዳልካቸው ነው፣ ሌላውን ውባለም አታውቀውም። ሴቶቹ ቀና ሳይሉ ስድስተኛውን ድንጋይ ከግድግዳው ጥግ አስደገፉትና እጃቸውን ሊታጠቡ ገቡ።