የተቆረጠው ዱዓ

ጸደንያ ከመስታወት ጋር ስትሟገት ሰነበተች። አንገቷን ቀና፣ ትከሻዋን ዘርጋ ታደርግና ስልኳን ሰዓት አስይዛ «ሁላችሁም እንደምን አላችሁ…» ብላ ትጀምራለች። አሥሩ ደቂቃ ካለፈባት እንደገና ከሀ።

ህንድ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ያመለከተችበትን ሥራ ሁሉ ሌላ ሰው ወስዶታል። መካነ ሰላም አጠገብ የተከፈተው የአፈር ጥበቃ ፕሮጀክት ግን ለመጨረሻው ዙር አሳልፏታል። ፈተናው የወረቀት አይደለም፤ ተወዳዳሪው በአሥር ደቂቃ ውስጥ የገበሬዎች ስብሰባ ከፍቶ ያወያያል፣ ፈታኞቹ ከኋላ ተቀምጠው ያያሉ።

እናቷ በለጥሻቸው በሩን ተደግፋ አየቻት። «አንቺ ልጅ፣ የሚቀጥርሽ መስታወቱ ነው እንዴ?»

«እየተዘጋጀሁ ነው እማዬ።»

«ተዘጋጂ። እኔም ሼህ ኑርሁሴንን ገበያ ላይ አግኝቼ፣ ልጄን ዱዓ አድርጉላት ብያቸዋለሁ። የሚሰበሰቡት የሳቸው ሰፈር ሰዎች አይደሉ?»

«እማዬ! አማላጅ መላክ ይመስላል እኮ!»

«ምርቃት ከመቼ ወዲህ ነው ምልጃ የሆነው? የቄስ ልጅ ሆነሽ ይሄ ይጥፋሽ?»

ጸደንያ ወደ መስታወቱ ዞረች። ሥራ በምርቃት የሚገኝ ቢሆን እዚህ አገር ሥራ ፈት ባልኖረ ነበር አለች በሆዷ።

በማግስቱ ሰዉ በሼሁ ሰፈር ካለው ወይራ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ጠበቃት። ሼህ ኑርሁሴን እንደ ወጉ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሯቸው ዘረጋ። ለዝናቡ፣ ለከብቱ፣ ለታመመው፣ ለአገሩ ሰላም ለመኑ፤ ሰዉ በየመሃሉ «አሚን!» ይላል። ጸደንያም እጇን ዘርግታለች፤ ዓይኗ ግን ጭኗ ላይ ካስቀመጠችው ስልክ አልተነቀለም። ሰዓቱ ይሄዳል። ሽማግሌው ትንፋሽ ሊስቡ ዝም ሲሉ ዱዓው ያለቀ መሰላት፤ እንዲያልቅም ፈልጋ ነበር።

«አሚን፣ እናመሰግናለን! አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ» አለች፣ በዚያው በመስታወቱ ድምፅ።

አንድም እጅ አልታጠፈ። ከፊት እስከ ኋላ መዳፉ ሁሉ እንደተዘረጋ ቀረ።

«መኪና ሊያመልጣት ነው እንዴ?» አሉ አንዲት ሴት። ከጎናቸው የተቀመጡት ሳቃቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

ሼሁ አልተቆጡም። «አብሽሪ ልጄ። ጥቂት ነው የቀረኝ፤ የቀረውም ያንቺው ነበር።»

ከዚያም ቀጠሉ። «ይቺ የቄስ ክንፈ ልጅ አገር አቋርጣ ተምራ መጥታለች። አላህ እንጀራዋን ከደጇ ያድርግላት! የሰው ፊት አያሳያት! አንደበቷን ያጣፍጥላት!»

«አሚን!» አለ ሰዉ፣ ለዝናቡ ካለው አስበልጦ።

ጸደንያ ብቻ አላለችም። ፊቷ እሳት ላይ እንደተጣደ ጋለ። ከኋላ አንዱ ፈታኝ አቀርቅሮ ሲጽፍ አየች። ያጠናችውን አንድም ሳታስቀር ተናገረች፤ ቀና ብላ ግን ማንንም አላየችም። ማወያየቱም ቀረ፤ ብቻዋን አውርታ ጨረሰች። ፈታኞቹ «እናሳውቅሻለን» ሲሏት መውደቋን ከድምፃቸው አወቀች።

እናቷ ደጃፍ ላይ ስትጠብቅ ነበር።

«ዱዓ አደረጉልሽ?»

«አደረጉልኝ።»

«እሰይ! አንቺስ፣ በደንብ አሚን አልሽ?»

ጸደንያ የጫማዋን ክር እንደሚፈታ ሰው ጎንበስ አለች። ጫማዋ ክር አልነበረውም።