የዴል ሮሊንስ አያት

ሩቲ ጉድፍ የያዛት ሰኞ ዕለት ነው። ዓርብ ሲደርስ ፊቷ፣ ጀርባዋ፣ የጆሮዋ ውስጥ ሳይቀር ሽፍ ብሎ፣ ሮዝ ቅባት ተቀብታ ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር። እኔ በየደቂቃው ግንባሯን በእጄ ጀርባ እየነካሁ ትኩሳቷን እከታተላለሁ። እሷን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው።

«ማሚ፣ ነገ እኮ ቅዳሜ ነው» አለችኝ።

«ቢሆንስ?»

«ካርዴስ?»

ካርድ የምትለው የቤዝቦል ተጫዋች ፎቶ የታተመበትን፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ወፍራም ወረቀት ነው። ከፊት ፎቶውና ስሙ አለ፤ ከጀርባ ደግሞ የተወለደበት ዓመት፣ ቁመቱ፣ ስንት ጊዜ እንደመታ በደቃቅ ጽሑፍ ተደርድሯል። ልጆች ይሰበስቡታል፣ ይለዋወጡታል። ሩቲ አንድ የጫማ ካርቶን ሙሉ አላት።

የጀመራት ባለፈው ጥቅምት፣ የቶሮንቶ ቡድን ለሁለተኛ ጊዜ ዋንጫውን የወሰደ ዕለት ነው። ዌስተን ያለው ሕንፃችን በሙሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ። ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲጮህ ምን እንደሚደረግ ከአገሬ ይዤው የመጣሁት ልማድ አለኝ፤ የወረቀቶቻችንን ቦርሳ ከቁም ሳጥን አወጣሁ፣ ጫማዬን አደረግሁ፣ የሩቲን ጃኬት ይዤ ሳሎን ገባሁ። ሩቲና አባቷ በየነ ተቃቅፈው ይዘላሉ።

«እሳት ነው?» አልኩ።

«ሆም ረን ነው» አለኝ በየነ።

ሆም ረን ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቦርሳዬን እንደታቀፍኩ በረንዳ ወጣሁ። መኪናው ሁሉ ክላክስ ያስጮሃል፤ አንዷ ሴትዮ ከበላያችን ካለው ፎቅ ድስት በጭልፋ ትደበድባለች። ይህን ሁሉ ሰው ያስጮኸው ደስታ መሆኑን ለማመን ትንሽ ጊዜ ፈጅቶብኛል። በማግስቱ ሩቲ አስረዳችኝ፤ ኳሱን ማንም በማይደርስበት ርቀት መትቶ፣ ከዚያ ሳይቸኩሉ ሜዳውን መዞር ነው አለች። ሳይቸኩሉ የሚለው በጣም ደስ አለኝ።

አሁን የፈለገችው የዴል ሮሊንስን ካርድ ነው። የቶሮንቶ ተጫዋች አይደለም፤ ግን ግራኝ ነው፣ ሩቲም ግራኝ ናት። ትንሽ ሳለች ማንኪያውን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ አዛውርባት ነበር። ይህን ሰውዬ በቴሌቪዥን ካየችው ወዲህ «እሱንም እናቱ ብታዛውርበት ኖሮስ?» ትለኛለች።

ካርዱ ያለው ጋሽ ባልቻ ዘንድ ነው። ጋሽ ባልቻ ቅዳሜ ቅዳሜ ሬክስዴል ባለ አንድ ሞል ኮሪደር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ካርድ የሚሸጡና የሚለውጡ ያገራችን ሰው ናቸው። ሁለት ጥሩ ካርዶች ካመጣሽልኝ ዴል ሮሊንስን እሰጥሻለሁ፤ እስከ ቅዳሜ አስቀምጥልሻለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ፈላጊ አለ ብለዋታል።

«አባዬ ይሂድልኝ» አለች።

«አባትሽ ነገ ኦቨርታይም ገብቷል።»

«እንግዲያው ቀረ።»

«ለምን ይቀራል? እኔ እሄዳለሁ።»

ሩቲ አየችኝ። «ማሚ፣ ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ሰው ነው ያለው። ስሙን ማንበብ አለብሽ።»

«አነባለሁ።»

«ጽፌ ልስጥሽ?»

«ስሙን ብቻ ንገሪኝ።»

አማርኛ ማንበብ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል ግን እዚህ ከመጣሁ በኋላም ለብዙ ዓመታት አጥር ሆኖብኝ ኖሯል። የትምህርት ቤት ደብዳቤ ሲመጣ የምታነብልኝ ሩቲ ነበረች፤ እንዳይከፋኝ ብላ የምትዘልለው ነገር እንደነበረም አውቃለሁ። ከመስከረም ጀምሮ ግን የጎልማሶች ክፍል ገብቻለሁ። የመንገድ ስም አነባለሁ፤ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን አነባለሁ። ልጄ ይህን እንድታምን ፈልጌያለሁ። አንድ ጊዜ ልካኝ፣ የላከችኝን ነገር ራሴ አንብቤ፣ ራሴ ይዤላት መምጣት አለብኝ።

«ዴል ሮሊንስ» አለችኝ።

«ዴል ሮሊንስ። ያ ብቻ?»

«ያ ብቻ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴን እየሩሳሌምን ሩቲ አጠገብ አስቀመጥኳት፤ ጉድፍ በልጅነቷ ወጥቶላታል። ገላዋን ስታክ እንድትከለክላት፣ ውሃ እንድታጠጣት፣ ትኩሳቷ ከጨመረ ወዴት እንደምትደውል ነገርኳት። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ተመልሼ አንኳኩቼ ደግሜ ነገርኳት። «ሙሉእመቤት፣ ሂጂ» አለችኝ።

ሞሉ ስደርስ ጋሽ ባልቻ የሉም። ሚስታቸው እትዬ ወለተማርያም ከጠረጴዛው ኋላ ሹራብ ይሠራሉ።

«ጋሽ ባልቻስ?»

«ክርስትና ተጠርቶ ሄዷል። እኔን ከነዚህ ጎረምሶች ጋር ጥሎኝ» አሉ፣ ካርዶቹን በአገጫቸው እያሳዩኝ።

«ለልጄ ያስቀመጡላት ካርድ ነበር።»

«የሩቲ እናት ነሽ? ነግሮኛል። ሁለት ተቀብለሽ አንድ ስጫት ብሏል። የቱን እንደሆነ እኔንጃ፤ ለእኔ ሁሉም ባርኔጣ ያደረገ ሰው ነው። ሳጥኑ ይኸውልሽ፣ አንብቢና ውሰጂ።»

አነበብኩ። አንዱን እያነሣሁ፣ ፊደሉን በከንፈሬ እያገጣጠምኩ፣ ሌላውን እያነሣሁ። ዴል የሚለውን ሳገኝ ልቤ መታ። ሮሊንስ። እሱ ነው። ካርዱን ሳነሣው ግን ከሥሩ ሌላ ዴል ሮሊንስ ብቅ አለ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ሁለቱም ፎቶ ከደረት በላይ ነው፤ የማን እጅ ግራ እንደሆነ አይታይም። አንደኛው ቀለሙ ደብዘዝ ብሏል፣ ፀሐይ የመታው መሰለኝ። ጀርባቸውን ገለበጥኩ፤ ነጠላ ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው የታየኝ። ተመልሼ ስሙን አየሁ። የደበዘዘው ላይ ዴል ሮሊንስ ይላል፣ በቃ። ደማቁ ላይ ግን ከሮሊንስ ቀጥሎ ጄ እና አር የሚባሉት ፊደላት አሉ፤ ከኋላቸው ነጥብ።

ሳስበው ግልጽ ሆነልኝ። በመሠረተ ትምህርት ክፍላችን ሁለት የምሥራች ጥጋቡ ነበሩ። ስም ሲጠራ አንደኛዋ እንዲሁ የምሥራች ጥጋቡ ትባላለች፤ ሁለተኛዋ እንድትለይ የአያቷ ስም ይጨመርላታል። ይህም እንደዚያ ነው። ዴል ራሱ፣ ሮሊንስ አባቱ፣ ጄ አር ደግሞ አያቱ፤ ስሙ ረጅም ሆኖባቸው በነጥብ ያሳጠሩት። ሩቲ ስለ አያት ያነሣችው ነገር የለም።

ያለ አያት የተጻፈውን ወሰድኩ። የሩቲን ሁለት ካርዶች ለእትዬ ወለተማርያም ሰጥቼ፣ ባስ ላይ ዴል ሮሊንስን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሰው እንዲያየኝ ሁሉ ፈልጌ ነበር።

ሩቲ ካርዱን ተቀብላ ገለበጠችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ማሚ፣ ይሄ እኮ ዳዱ ነው» አለች።

«የማን?»

«የዴል ሮሊንስ።»

«አባቱማ ሮሊንስ ነው።»

«ኖ። አባቱም ዴል ሮሊንስ ነው።»

«ልጁስ?»

«ዴል ሮሊንስ። ጁኒየር፣ ትንሹ ማለት ነው፤ ጄ አር ተብሎ ይጻፋል። ሁሉም ሰው ዴል ሮሊንስ ነው የሚለው ግን።»

«አባት ልጁን በራሱ ስም ይጠራል? እሱ እያለ?»

«የስ።»

«ታዲያ እናትየዋ ስትጣራ ማናቸው ናቸው አቤት የሚሉት?»

እየሩሳሌም ሹራቧን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ሩቲ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ሶፋው ጀርባ አዙራ «ኢትስ ኦኬ» አለች። ልጄ «ኢትስ ኦኬ» የምትለው ምንም ኦኬ ነገር ከሌለ ነው።

«ለሚቀጥለው ሳምንት በየነን ትልኪዋለሽ» አለችኝ እየሩሳሌም።

ካፖርቴን አላወለቅሁም ነበር። ካርዱን ከሩቲ አጠገብ አንሥቼ ወጣሁ።

ሞሉ ስመለስ ጋሽ ባልቻ ከክርስትናው መጥተዋል፤ ነጭ በነጭ እንደለበሱ ናቸው። ከጠረጴዛው ወዲህ መነጽር ያደረገ ወጣት ቆሟል። እጁ ላይ ጄ አር ያለበት ደማቁ ካርድ አለ።

«ጋሽ ባልቻ፣ እሱ ካርድ የሩቲ ነው» አልኩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ።

«ወስዳለች አለችኝ እኮ ወለተማርያም።»

«የወሰድኩት አባቱን ነው።» ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

የወጣቱ ዓይን በራ። «አባትየው ይሄ ነው? ጋሽ ባልቻ፣ ሁለቱን አንድ ላይ እወስዳለሁ ብዬዎት አልነበር?»

«ሳሙኤል ይባላል፣ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው» አሉኝ ጋሽ ባልቻ። «እንግዲህ ልጄ፣ ለሩቲ ያቆየሁላት እስክትመጡ ነው። መጣሽ፣ የወደድሽውን ወሰድሽ። የቀረውን ለዚህ ልጅ እሺ አልኩት። ቃል ነው።»

«የወደድኩትን አይደለም። ተሳስቼ ነው።»

«ምናልባት ስሙን ሳያነቡት ይሆናል» አለ ሳሙኤል፣ በትሕትና።

«አንብቤው ነው» አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። ራሴን ሰምቼ ደነገጥኩ፤ ግን አልቀነስኩትም። «ባላነብ ኖሮ እንዲሁ ቀለሙ ያማረውን አንሥቼ እሄድ ነበር፣ እሱም ልክ ይሆን ነበር። እስከ መጨረሻዋ ነጥብ አንብቤ፣ አስቤበት ነው የተሳሳትኩት።»

«ምን ብለሽ አሰብሽ?» አሉ ጋሽ ባልቻ።

«አያቱ መሰለኝ።»

«ማን?»

«ጄ አር።»

ጋሽ ባልቻ ካርዱን ከሳሙኤል እጅ ወስደው አይተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ወለተማርያም፣ ሰማሽ? ዴል፣ የሮሊንስ ልጅ፣ የጄ አር የልጅ ልጅ።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ተቀየምኩ ልል ስል ሳሙኤል ጣልቃ ገባ።

«የኔው አይብስም? ሥራ አመልክቼ ቤት ደወሉልኝ። ሚስተር አምሃ አሉ ወይ ሲሉኝ፣ አባቴ አዲስ አበባ ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።»

«ሥራውስ?» አልኩት።

«ለሌላ ሚስተር ሰጡት።»

«እኔ አሥመራ፣ ቃኘው፣ የአሜሪካኖቹ ጣቢያ ልብስ አጣቢ ነበርኩ» አሉ ጋሽ ባልቻ። «እሑድ እሑድ ቤዝቦል ይጫወታሉ፤ ኳስ አጥር ሲዘል አምጪው እኔ። ሳጅኑ ወረቀቴ ላይ መጨረሻ ያለውን ስም አይቶ ጥጋቡ ነው የሚለኝ። ጥጋቡ አባቴ ናቸው፤ ቄስ ናቸው። አንድ ቀን ‹ሩጥ ጥጋቡ› ሲለኝ፣ አባቴ ጥምጣማቸውን ይዘው ኳስ ተከትለው ሲሮጡ ታየኝና ሜዳው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ሳጅኑ ያበድኩ መሰለው። የዚህን የትልቁን ሮሊንስ ስም የሰማሁትም ያኔ ነው፣ በሬዲዮናቸው። ሲመታ አስተያየት ሰጪው ራሱ ወንበሩን ጥሎ የሚነሣ ይመስል ነበር።»

እሳቸው ሲያወሩ እኔ ሁለቱንም ካርድ ገልብጬ አንድ ነገር ፈለግሁ። ቁጥር አያስቸግረኝም። ከታች፣ ጥግ ላይ፣ የታተሙበትን ዓመት አገኘሁ። አንዱ ስልሳ ስምንት፣ አንዱ ዘጠና ሦስት። የአባትየውን ካርድ ወደ ራሴ ስቤ መዳፌን ጫንኩበት።

«ሳሙኤል፣ የአምናው ካርድ ሌላ ቦታ ይገኛል?»

«ይገኛል። ፈላጊው ስለበዛ ይቆያል እንጂ።»

«የስልሳ ስምንቱስ?»

ዓይኑ መዳፌ ላይ ቀረ።

«ይሄ ካርድ አሁን የእኔ ነው» አልኩት። «ጋሽ ባልቻ እንዳሉት መጥቼ፣ ለውጬ፣ ወስጄዋለሁ። ይዤው ቤቴ ቁጭ ብል ኖሮ ዛሬ አባት አልነበረህም። አባቱን ውሰድ፣ ልጁን ለልጄ ተውላት። አንተ ሌላ ልጅ ታገኛለህ።»

ሳሙኤል ጋሽ ባልቻን አየ። ጋሽ ባልቻ ጣሪያውን አዩ። «ቃል የገባሁት ለአንተ ነው፤ አንተ ከለቀቅኸኝ እኔ የለሁበትም» አሉ።

«እትዬ፣ ኔጎሺየት አደረጉኝ እኮ» አለ ሳሙኤል እየሳቀ፤ እጁንም ዘረጋ።

መዳፌን ያነሣሁት ደማቁን ካርድ በሌላው እጄ ከያዝኩ በኋላ ነው።

ማታ በየነ ከሥራ ሲገባ እየሩሳሌም ታሪኩን ከኔ አፍ ነጥቃ፣ እየተነሣች እየተቀመጠች ነገረችው። ጄ አር ላይ ስትደርስ ሳቀ። ሩቲ ካርዱን ትራሷ ላይ አቁማ ታየዋለች፤ የተቀባችው ቅባት እንዳይነካው በሁለት ጥፍሯ ብቻ ነው የምትይዘው። ጀርባውን ገልብጣ አንድ ቦታ ላይ አሳየችኝና ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ኤል የምትለዋ ፊደል ሌፍት፣ በግራ እጁ ይወረውራል ማለት ናት አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«አይዞሽ» አላት በየነ ጫማውን እየፈታ። «ለሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ እሄድልሻለሁ።»

«ኖ» አለች ሩቲ፣ ዓይኗን ከካርዱ ሳታነሣ። «ማሚ ናት የምትሄደው።»

«ተሳሳተች አላላችሁኝም?»

«እሷ ተሳስታ ጨርሳለች» አለችው። «አንተ ገና ነህ።»