ሳይሞት የተጻፈ የሞት ዜና

የጋዜጣው የኮምፒውተር ባለሙያ ድረ ገጹን ወደ አዲስ ዲስክ አዛውራ፣ ገጹን ለአንባቢ የሚያደርሰው ሰርቨር ከዋናው ማኅደር እንዲያነብ አዘዘችው። «ክልክል ነው» ብሎ አሻፈረኝ ሲላት ቸኩላ የፋይሎቹን ሁሉ የማንበብ ፈቃድ ለማንም ከፈተችው። ለታዋቂ ሰዎች አስቀድሞ የሚጻፈው የሞት ዜና እዚያው መቀመጡን አላሰበችም።

ስልኳ ጮኸ። አንጋፋው ተዋናይ አጎቷ ነበር።

«አንቺ፣ መቼ ነው የሞትኩት?»

ክው አለች። ገጹን ብትከፍተው «ዐረፈ» ከሚለው ርእስ ሥር የአጎቷ ፎቶግራፍ ፈገግ ብሏል። ፈቃዱን መልሳ ዘጋችው።

«አጎቴ፣ ይቅር ይበሉኝ! አሁን ዘጋሁት።»

«ለእኔስ ግድ የለም፣ ውዳሴው አምሮብኛል። እናትሽ ግን አንብባው ኖሮ፣ ‹እህቴ፣ አለሁ እኮ› ብዬ ብደውልላት ስልኩን ወርውራ እሪ አለች። ሩጪ ድረሽላት፤ እኔማ በሯን ባንኳኳ ትሞትብኛለች!»

ባለሙያዋ ቦርሳዋን እንኳ ሳታነሳ በደረጃው ቁልቁል በረረች።