የግምት ቃል

ማልቲ ለባንክ ቅጥር ፈተና ስትዘጋጅ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በየማለዳው በህንዷ የከሰል ከተማ በዳንባድ፣ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሻይ ቤት የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ትዋስና፣ የማታውቃቸውን ቃላት አምስት አምስት እየለቀመች ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። አባቷ ራምዳኒ ከከሰል ጉድጓዱ ሲመለስ ደብተሩን ይቀበላታል። ፊደል አይለይም።

«በይ፣ ይቺ ከላይ ያለችው ምን ማለት ናት?»

ትንሽ ካመነታች፣ «ዋሸሽኝ» ይላታል ፊቷን አይቶ።

በነሐሴ ዝናብ ወንዙ ዳርቻውን ጥሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። አሥራ አንድ ሰዎች ከታች ቀሩ፤ ራምዳኒም ከነሱ ጋር።

በአራተኛው ቀን፣ የማዕድኑ በር ላይ ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ማልቲ ጋዜጣውን ገለጠች። ወሬው ከክሪኬት ጨዋታው ዜና በላይ ስድስት መስመር ነው።

«ምን ይላል?» አለች እናቷ ፉልማቲ።

አንዱን ቃል ባለፈው ሳምንት ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። «ፕሪዙምድ ይላል። ሞተዋል ተብሎ ይገመታል ማለት ነው።»

«አይቶ ነው የሚለው ወይስ ገምቶ?»

«ገምቶ፣ እማዬ።»

«እንግዲያ ባሏ እንደሞተባት ሴት አምባሬን አልሰብርም። ይገምት።»

ባሏ እዚያው ታች የቀረባት ጎረቤታቸው ሱርጂ ዞር አለች። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ተምረሽ ደግ ቃል አጣሽ?»

ማልቲ ጋዜጣውን አጠፈች።

በዘጠነኛው ቀን ውሃው ተመጥጦ አስከሬኖቹ ወጡ። ራምዳኒን በቀበቶው ለዩት። ፉልማቲ የመስታወት አምባሮቿን ደጃፉ ድንጋይ ላይ አንድ በአንድ ሰበረች፤ ስብርባሪውን ማልቲ ጠረገች።

በማግስቱ ጋዜጣው «አሥራ አንድ ሠራተኞች» ብሎ አለፈ። የማዕድኑ ኃላፊ ስም ከነማዕረጉ አለ፤ የሟቾቹ የለም። ማልቲ ያን ቀን ቃል አልለቀመችም። ለአዘጋጁ ደብዳቤ ጻፈች፤ መዝገበ ቃላት ሳትገልጥ፣ በምታውቀው ብቻ። የአሥራ አንዱንም ስም ከነመንደራቸው ደረደረች። የሁለቱን አጠራር ለማጣራት ቤታቸው ድረስ በጭቃ ሄደች።

ደብዳቤው በሦስተኛው ሳምንት ታተመ። ሱርጂ ጋዜጣውን ከሻይ ቤቱ ለምና ይዛ መጣች።

«የቱ ነው የኔ ባል?»

ማልቲ የሴትዮዋን ጣት ይዛ አራተኛው መስመር ላይ አኖረችላት። ሱርጂ ጣቷን በስሙ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደች።

«እንዲህ አጭር ናት እንዴ» አለች።