ፐን ይዞ የሄደው

«አክስቴ እመቤቴ፣ ቀሚስሽ ሲያምርብሽ፣
ዝናርሽን ፈትተሽ ለማን ሰጥተሽ ሄድሽ።»

አልቃሿ ይህን ስትል ራኩባው፣ የሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ግማሾቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው አለቀሱ፤ ግማሾቹ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸው፣ ሳቅ እየታገላቸው ነበር። ዝናር የታጠቀች አሮጊት የት አገር ታይታለች? እትዬ አሰበች አልቃሿን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

«ዝናሩን ተይው አንቺ። ድምፅሽንም ቀንሺ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚለቀስላት አክስት የለችም፤ ኖራም አታውቅም። የሞተው የእትዬ አሰበች ታናሽ ወንድም፣ የአየሁሽ ባል እንግዳው ነው። ጣሊያን መተማን ይዞ ከተቀመጠ አራተኛ ዓመቱ ነው። ከድንበር ማዶ ጥይት እያሻገረ ለቋራ አርበኞች ሲያደርስ የተገደለ ሰው በስሙ የተለቀሰለት እንደሆነ ቤቱ በማግስቱ ይቃጠላል። ስለዚህ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ መከረና ደጋ ላይ አንዲት አክስት ገደለ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። ሰው ሁሉ ለማን እንደሚያለቅስ ያውቃል፤ አፉ ግን «አክስቴ» ይላል።

የማታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። አምስት ዓመት ያልሞላት አገኘሽ፣ የእንግዳውና የአየሁሽ ብቸኛ ልጅ፣ የፍየል ቆዳ ከረጢቷን እየጎተተች ወደ ራኩባው ገባች። ከከረጢቱ አንድ የቅል ስባሪ አወጣችና ዳር ለተቀመጡት ባልቴት አሳየቻቸው።

«ይህቺ ማን ናት?»

«እኔ ምኑን አውቄው ልጄ።»

«በ ናት። በር አትመስልዎትም? በእሷ እኮ ነው የሚገባ።»

ቅሎቹን ሰሌኑ ላይ ዘረገፈቻቸው። በእያንዳንዱ ስባሪ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሰ አንድ አንድ ፊደል አለ። ከሀ ጀምራ፣ ከንፈሯን እያነቃነቀች፣ በለቀስተኛው ጉልበት መሃል ደረደረቻቸው። ከፈ ቀጥሎ መዳፏን የሚያህል ባዶ ቦታ ተወችና ባልቴቷን ገፋ አደረገቻቸው።

«እዚህ ጋ እግርዎን አያድርጉ። የፐ ቦታ ናት። አባዬ ይዟት ሲመጣ እዚህ ነው የምትቀመጥ።»

ባልቴቷ እግራቸውን ሰበሰቡ። አንዲት ሴት ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ስትንሰቀሰቅ እስከ ራኩባው ይሰማ ነበር።

የአየሁሽ እጅ ሳታዘው ወደ መቀነቷ ሄደ። ፐ እዚያ ውስጥ ናት። የእንግዳው ጓደኛ አዛናው መርዶውን ሲያመጣ ዝናሩንም አምጥቶ ነበር፤ ከጥይት ኪሶቹ በአንዱ ይህቺ የቅል ስባሪ ተገኘች። አዛናው «ክታብ መሰለችኝ» አለ። አየሁሽ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተሳስተው ይሆናል፣ የሞተው ሌላ ሰው ይሆናል እያለች ራሷን ታባብል ነበር። ቅሏን ስታይ ግን አመነች፤ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረቻት። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም።

«እስቲ ንፍሮውን እንኳ ቅመሺው» አለች ሰይዳ። ሰይዳ የነጋዴው የሐሚድ ሚስት ናት፤ የአየሁሽ ጎረቤት። መርዶው ከመጣ ጀምሮ ቤቷን ጥላ እዚሁ ሰንብታለች። «ለልጅሽ ስትይ።»

«አይወርድልኝም ሰይዳ።»

እንግዳው በልጅነቱ ጎንደር ቆሎ ተማሪ ነበር። ዳዊቱን ሳይጨርስ ጥሎ ወደ ቆላ ወረደ። ለምን ሲሉት «አለንጋው አንገሸገሸኝ» ይላል። ልጁን ፊደል ላስቆጥር ብሎ በተነሣ ጊዜ እትዬ አሰበች ስቀውበት ነበር።

«ለሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል? ደግሞስ ያለ አለንጋ ይገባታል?»

«እኔ በአለንጋ የገባኝን ግማሹን ረሳሁት እትዬ። እስቲ እሷ በሰሊጥ ትሞክረው።»

እውነትም በሰሊጥ ነበር። ቅሎቹን ሰብሮ፣ ጠርዛቸውን ፍቆ፣ ፊደሉን ተኩሶ፣ ሰፌድ ሙሉ ሰሊጥ ውስጥ ይቀብራቸዋል። አገኘሽ እስከ ክርኗ ገብታ ትቆፍራለች። አንዷን ስታወጣ እንግዳው ዓይኑን በእጁ ይሸፍንና ደጅ እንደተንኳኳበት ሽማግሌ «ማን መጣ?» ይላል።

«ለ መጣ።»

«ምን ይመስላል?»

«እግሩን ከፍቶ የቆመ ዘበኛ።»

ካወቀች በሦስት ጣቱ ሰሊጥ ቆንጥሮ አፏ ውስጥ ያደርግላታል። ከሳተች ግን ራሱ ይበላዋል፤ ያውም እያጣጣመ፣ ጢሙን እየጠራረገ፣ ልጅቱ በንዴት እስክትንጨረጨር ድረስ። መ ሁለት እንቁላል ነበረች፤ ሀ አፉን ከፍቶ ውሃ የሚለምን ሰው። ሰሊጡ ግማሹ መሬት ላይ ይፈሳል። አየሁሽ ማዶ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ትቆጣለች።

«ለገበያ ያልኩትን እህል አፈር አበላችሁት።»

«አንቺ እንዝርትሽን ተመልከቺ» ይላታል። ግን ያን ጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ልጅቱ አይታ የጨረሰቻትን ቅል ደግሞ ወደ አየሁሽ በኩል አዙሮ ትንሽ ይዟት ይቆያል። የእጁ ልማድ ይመስላት ነበር።

የሄደ ዕለት ጠዋት ያልተቆፈረች ፐ ብቻ ነበረች። አገኘሽ ሰፌዱን ታቅፋ ጠበቀችው። እሱ ግን ቅሏን ለልጅቱ ሳያሳያት ዝናሩ ውስጥ ከተታት።

«ይህቺን ስመለስ ነው የምታነቢያት። እኔና ፐ አብረን ነው የምንመጣ።»

«ምን ትመስላለች?» አለች ልጅቱ፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«በአንድ ምሰሶ የቆመች ራኩባ» አላትና ጉንጯን ሳማት።

አየሁሽ እስከ አጥሩ ሸኘችው። «ልጅን እንዲህ በተስፋ አይያዝም። ባትመለስስ?»

«እንዴት አልመለስ? ፊደሉ መቼ አለቀና» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ድዱ ሳይቀር ይታያል። አሁን የሚናፍቃት ያ ሳቁ፣ ያ የፈሰሰው ሰሊጥ ነው። ዘንድሮ የሰበሰቡት ሰሊጥ አንድም ፍሬ ሳይፈስ በጆንያ ታስሮ ማዕዘን ላይ ቆሟል። ምነው ያን ጊዜ አፌን በዘጋሁ፣ ምነው ሁሉንም ባፈሰሱት ትላለች።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ አዛናው ከእትዬ አሰበች አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለልጅቱ ቢነገራት ይሻላል። ነገ አድጋ ስትሰማ ሁላችንንም ትጠላናለች።»

«ምን ነካህ አዛናው? አባዬ ብላ አንድ ጊዜ ከጮኸች የአገሩ ባንዳ ሁሉ ይሰማል። ቢያንስ አርባው ይውጣ» አሉና ወደ አየሁሽ ዞሩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔ እንጃ እትዬ። እሷ ይመጣል ስትል እኔም ያለ ይመስለኛል። ከነገርኳት ሁለተኛ ሊሞትብኝ ነው።»

ወዲያው አጥሩ ጋ የበቅሎ ኮቴ ተሰማ፤ አዛናው ብድግ ብሎ በጓሮ በኩል ማሽላ አገዳው ውስጥ ገባ። የመጣው ጣሊያን የሾመው የአገሩ ሹም መልእክተኛ ነበር፤ የጣሊያን ጠመንጃ ያነገተ፣ ለለቅሶ ቤት እንኳ ቆቡን የማያወልቅ ሰው።

«ማን ሞቶባችሁ ነው?»

«አክስታችን ናቸው፤ ደጋ» አሉ እትዬ አሰበች።

«እግዜር ያጽናችሁ። እንግዳውስ የት ሄዶ ነው? ለአክስቱ አያለቅስም እንዴ?»

ያ ሁሉ ዘመድ ተቀምጦ ሲመክር አክስቲቱን ስም አውጥቶላታል፣ አገር ሰጥቷታል፣ በምን እንደሞተች እንኳ ተስማምቷል። ይህን ጥያቄ ግን አንድም ሰው አላሰበውም ነበር። እትዬ አሰበች ንፍሮውን ወደ ሰውየው ገፋ አደረጉት።

ከሰሌኑ ላይ አገኘሽ ቀና አለች።

«አባዬ ይመጣል። ፐን ይዟት ሄዷል። ይኸው፣ ቦታዋ ይህቺ ናት።»

ሰውየው ባዶውን ቦታ አየ፤ ከዚያ ልጅቱን ትኩር ብሎ አያት። ፊቷ ላይ የሐዘን ምልክት የለም። አባቱን የሚጠብቅ ልጅ ፊት ነው። ከንፍሮው አንድ እፍኝ ዘገነና «በሉ እንግዲህ፣ ሲመጣ ሹሙ ዘንድ ይቅረብ» ብሎ በቅሎው ላይ ወጣ።

«እግዜር በልጅ አፍ አተረፈን» አሉ እትዬ አሰበች፣ ደረታቸውን ይዘው።

አየሁሽ ግን ተነሥታ ወደ ጓሮ ሄደች። ልጇን ጋሻ አድርጋት ነበር። በዚያ ቤት ከነበረው ሰው ሁሉ የታመነችው እሷ ብቻ ናት፣ ስላልዋሸች። ነገም ይመጣሉ፣ ነገም ይጠይቋታል፤ እሷም እንደዚያ ፊቷ በርቶ ይመጣል ትላቸዋለች። አየሁሽ ይህን ማሰብ አቃታት፤ ልጇ አሳዘነቻት፣ ራሷንም ጠላች።

ሰይዳ ተከትላት መጥታ ግንባሯን በውሃ አበሰችላት። «ማሌሽ እህቴ፣ አይዞሽ። ሐሚድ ነገ ሲነጋጋ ግመሎቹን ይዞ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገላባት ይሻገራል። ሹሙ እንግዳውን አቅርቡ ሳይል አንቺና ልጅሽ ከጭነቱ ጋር ሂዱ። ማዶ ወንድሜ ቤት አለ። እዚያ እንደፈለግሽ አልቅሺ፣ በስሙ።»

በማግስቱ ጠዋት ራኩባው ባዶ ነበር። ሐሚድ የሰሊጡን ጆንያ ግመል ላይ አሰረ። እትዬ አሰበች የቀረውን ዕቃ እያወጡ ነው። አገኘሽ ግን ከሰሌኑ አልነሣም አለች። ቅሎቿን እንደገና ደርድራ፣ እጇን ባዶው ቦታ ላይ ጭና ተቀምጣለች።

«አልሄድም። አባዬ መጥቶ ቢያጣንስ?»

«ነይ የኔ ሆድ፣ ይከተላችኋል» አሉ እትዬ አሰበች ከሩቅ።

አየሁሽ ቀና ብላ አየቻቸው። «ይተዉት እትዬ። እንግዲህ በቃ» አለችና ከልጇ ፊት ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች። መቀነቷን ፈታች። ቅሏን አወጣችና በልጅቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት።

አገኘሽ መጀመሪያ ፊቷ በራ። ከዚያ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ መንገዱ አየች። ግመሎቹና ሐሚድ ብቻ ናቸው።

«አባዬስ?»

«አባዬ አይመጣም። ሞቷል ልጄ። ለእሱ ነው ስናለቅስ የሰነበትን። አክስት የለችም።»

«ፐን ማን አመጣት ታዲያ?»

«አዛናው።»

«አብረን ነው የምንመጣ ብሎኝ ነበር።»

«ብሎሽ ነበር። አልቻለም።»

አየሁሽ ጩኸቱን ጠበቀች። ቢመጣ ይምጣ ብላ ቆርጣ ነበር። ልጅቱ ግን አልጮኸችም። ቅሏን በጣቷ ስትዳብስ፣ የተተኮሰውን መስመር ከላይ እስከ ታች ስትከተል ቆየች። ከዚያ በአንድ እጇ ቅሏን ወደ እናቷ አዙራ ያዘች። በሌላው ዓይኗን ሸፈነች።

«ማን መጣ?» አለች።

አየሁሽ በዕድሜዋ ፊደል የጠየቃት ሰው የለም። «እኔ እኮ» ልትል ጀመረችና ተወችው። በልጅቱ እጅ ያለችውን ቅል አየቻት።

«ፐ መጣች።»

«ምን ትመስላለች?»

«በአንድ ምሰሶ የቆመች ራኩባ።»

ሰሌኑ ላይ የተደረደሩትን ተመለከተች። ሀ። ለ። መ። በ። አንዷም አላመለጠቻትም። እንዝርትሽን ተመልከቺ እያለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቅሏን ወደ እሷ አዙሮ ይዞ ይቆይ የነበረው ለካ ሁለት ተማሪ ይዞ ኖሯል። አንድም ቀን አላመሰገነችውም። ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለአክስቲቱ ሳይሆን ለእሱ፣ «እንግዳው» ብላ በስሙ አለቀሰች።

አገኘሽ እጇን ከዓይኗ አነሣች። ጉንጯ ርሶ ነበር። ፐን በቦታዋ አስቀመጠቻትና ከረጢቷን ገልብጣ ስፌቱ ውስጥ በጣቷ ፈለገች። አባቷ እያለ ከቅሎቹ ጋር የገባ ሰሊጥ ከሥሩ ቀርቶ ነበር። ለቀመችው፤ በሦስት ጣቷ ቆነጠረችና ወደ እናቷ አፍ ዘረጋች።

አየሁሽ አፏን ከፈተች። አኘከችው፤ ዋጠችው።