የቀኝ እጅ ብዕር

«ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ ከእኔ ለመገላገል? እሱን ንገሪኝ!»

«አባ፣ ቀስ ይበሉ። ዶክተሩ አይናደዱ አላለም?»

«ዶክተሩ ብዕሬን ሞርጂው አለሽ?»

ቶይባ ብዕሩን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። የአባቷ የአቶ አብዱልመናን ቀኝ እጅ ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። በግራቸው ጥቁሩን ብዕር ይዘው ጫፉን ወደ መስኮቱ ያስጠጋሉ፣ ያርቃሉ፣ እንደገና ያስጠጋሉ። ውጭ የአዳማ ነፋስ የጎረቤቱን ቆርቆሮ ያንኳኳል።

«ለግራ እጅ እንዲመች ነው ያስተካከልኩት» አለች። «ትንሽ ነው የነካሁት። በግራዎ ሲይዙት ወረቀቱ ላይ ደልደል ብሎ ይቀመጣል። ይሞክሩት እስቲ።»

«በግራ! የልጄን ኒካህ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ በግራ እጄ ልጽፍ!»

በሩን ተደግፎ ይሰማ የነበረው ወንድሟ ሙስዓብ ሳቀ። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ለታናሽ እህታቸው ለሑስና ሠርግ ብሎ ከጅቡቲ መንገድ የገባው ትናንት ማክሰኞ ነው። «ምን አጨቃጨቃችሁ? ሙሽራው ኮምፒውተር ቤት ያለው ሰው ነው። ተጽፎ፣ ታትሞ፣ በላስቲክ ተለብጦ ይመጣል። ለአንዲት እስክሪብቶ ብላችሁ ሰፈር ታስነሳላችሁ እንዴ?»

«አንተ ዝም በል!» አሉት አባትና ልጅ እኩል። እኩል በመናገራቸው ተያዩ፤ ወዲያው ደግሞ ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ።

አብዱልመናን ከወሎ የመጡት በወጣትነታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የጭነት ማመላለሻ ማኅበር የስምሪት ክፍል ውስጥ የመኪኖችን መውጫና መግቢያ ሲጽፉ ኖሩ። ሰፈሩ ግን የሚያውቃቸው በኒካህ፣ በጋብቻ ውል ጽሑፋቸው ነው። የታተመ ቅጽ እንዳለ ሁሉም ያውቃል፤ ቢሆንም ልጁን የሚድር ሁሉ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው የአብዱልመናንን እጅ ነው፤ ከላይ በአማርኛ፣ ከታች በዐረብኛ። የሚጽፉትም ጫፉ ሰፋ ብሎ ደፍጣጣ በሆነ ብዕር ብቻ ነው። በልጅነታቸው ሉህ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ቁርኣን ሲቀሩ ሸምበቆውን አግድም ቆርጠው ይጽፉበት ስለነበር እንዲህ ያለውን የብረት ጫፍ «ቁርጥ» ይሉታል። «ክብ ጫፍ ፊደልን ሽቦ ያደርገዋል» ይሉ ነበር። «ፊደል ሥጋም አጥንትም ይፈልጋል። ሲወርድ ይወፍር፣ ሲዞር ይቅጠን።»

ቶይባ ከስድስት ዓመት በፊት ከባሏ ተፋትታ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ይህ አመል ተጋባባት። መቂ፣ ባቱ፣ አሰላ እየሄደች የድሮ ጸሐፊዎችን ደጅ ታንኳኳለች፤ «መሳቢያዎ ውስጥ የቆየ ብዕር አይጠፋም» ትላለች። ክብ ጫፍ ያለውን በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ የጋራዥ ሰዎች የመኪና ቀለም በሚያለሰልሱበት ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት እየሞረደች ቁርጥ ታደርገዋለች። የሰበሰበቻቸው ሃያ ሰባት ብዕሮች በአንድ የቴምር ካርቶን ውስጥ ተደርድረው ይቀመጣሉ።

አባቷን የደም ግፊት ከጣላቸው ወዲህ ግን፣ ይኸው ስምንት ወር፣ ከአዳማ ወጥታ አታውቅም። ቀኝ እጃቸው ዛለ። ሻሸመኔ ላይ የጥሪ ካርድና የምስክር ወረቀት ቤት የከፈተች የሺዓለም የምትባል ሴት፣ ስም በእጅ የሚጽፍላት ሰው ፈልጋ ቶይባን ከረመዳን በፊት ጀምሮ ትጠብቃለች። ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ «የኔ እመቤት፣ ሰኞ ጠዋት ካልገባሽ ሌላ ሰው አስገባለሁ» አለቻት። ሑስናና ባሏ እዚሁ ጓሮ ያለው ቤት ስለሚገቡ አባቷ ምግብም መድኃኒትም የሚሰጣቸው አያጡም። ቶይባን እግሯን ያሰራት ሌላ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ጉልበታቸው ላይ የተጋደመውን እጅ እያዩ ማንንም አያናግሩም። አንድ ገጽ እንኳ ቢጽፉ፣ ሰው እንደገና ወረቀት ይዞ በሩን ቢያንኳኳ፣ ትቻቸው ልሄድ እችላለሁ ብላ ነበር ያሰበችው። ስለዚህ ነው የሚወዱትን ብዕር ወስዳ ለግራ እጅ አድርጋ የሞረደችው። «ለመገላገል» ያሉትም ቃል የወጋት ለዚሁ ነው።

ሑስና ክንዷን ይዛ ወደ አባታቸው መኝታ ክፍል አስገባቻት። «ሳትነግሪኝ ለምን ነካሽው?» አለች በሹክሹክታ፤ ከፍራሹ ሥርም ጥቅል ወረቀት ጎትታ አወጣች። «አባ ከሱብሒ ሰላት በኋላ ይጽፋሉ። በየቀኑ። እንዳላየሁ ነው የማልፈው።»

የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ላይ ያለው ጽሑፍ የተሰባበረ እንጨት ይመስላል። እየቆየ ተጋጠመ። የመጨረሻው ላይ «ሑስና አብዱልመናን» የሚል አራት ጊዜ ተጽፏል፤ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይነበባል። ሲወርድ ወፍሯል፣ ሲዞር ቀጥኗል። በቀኝ እጅ።

ቶይባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያ ጫፍ አርባ ዓመት በአንድ እጅ ብቻ ተጽፎበት በአንድ ወገን አልቋል። ወረቀቱን ሲነካ ራሱ ይተኛል፤ ጣት እንዲጫነው አይፈልግም። የዛለ እጅ ሊነዳው የሚችለው አንድ ብዕር ነበር። እሱን ነው የሞረደችው። ከብረት ላይ የተሞረደ ደግሞ ተመልሶ አይለጠፍም።

በማግሥቱ ሐሙስ ጠዋት ካርቶኑን ይዛ አባቷ ፊት ቀረበች። አላናገሯትም፤ ግን ሦስት ብዕር ሞከሩ። ሦስቱም የእሷ እጅ ሥራ ናቸው፤ ጠርዛቸው በጽሕፈት ስላልለሰለሰ ትንሽ ዘንበል ሲሉ ወረቀቱን ይቧጥጣሉ። ሦስተኛው ወረቀቱን ሲቀደው ካርቶኑን በግራ እጃቸው ገፉት።

ቶይባ ተነሳች፣ ወደ ኩሽና ሄደች፣ ተመለሰች፣ በረንዳው ላይ ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን አንስታ ወደ መናኸሪያ ሄደች፤ የምትሄደው ደራ ከተማ፣ አቶ ጆቴ ዘንድ ነው። ጆቴ ከአባቷ ጋር ሃያ ዓመት በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት የተቀመጡ የስምሪት ጸሐፊ ናቸው። ያን ጥቁር ብዕር ያስመጡትም ሁለቱ አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት፣ ለየራሳቸው ነበር።

ሚኒባሱ መልካሳ ላይ ሰው ለማውረድ ብዙ ቆመ። ሹፌሩን ሁለት ጊዜ «አንሄድም እንዴ?» አለችው። «እህቴ፣ ልጅሽ ምጥ ላይ ናት?» አላት፤ መኪናው ሁሉ ሳቀ።

ጆቴን ግቢያቸው ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቦሎቄ ሲለቅሙ አገኘቻቸው።

«አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ! ደህና ነሽ፣ ልጄ? ያ አመለኛ አባትሽ አለ?»

«አሉ፣ ጋሼ። እጃቸው ነው እንጂ።»

«አፉ ደህና ከሆነ ሰውየው ደህና ነው።»

ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። መጀመሪያ እየሳቁ ሰሙ፤ ኋላ ቦሎቄውን ከእጃቸው አስቀመጡ።

«ሞረድሽው?»

«ሞረድኩት።»

«ያ ዋቅ! የፈጣሪ ያለህ!» ገብተው ቆዩ። ሲወጡ በካልሲ የተጠቀለለ ብዕር ይዘዋል። «የእድሩን ስም የምጠራው በዚህ ከጻፍኩት ወረቀት ነው። ሞክሪው።»

ሞከረችው። ጠርዙ የለሰለሰ ነው፣ አይቧጥጥም፤ ግን ያለቀው በሌላ አያያዝ ነው። ጆቴ ብዕር ቀጥ አድርገው ነው የሚይዙት።

«አባትሽ፣ አንተ ብዕር የምትይዘው እንደ ማጭድ ነው ይለኝ ነበር።»

«ጋሼ፣ ለአባቴ እንዲሆን ከአንድ ወገን ትንሽ ማንሳት አለብኝ።» ቶይባ ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «ከዚያ በኋላ ለእርስዎ አይሆንም።»

ጆቴ ብዕሩን ተቀብለው ክዳኑን ነከስ አደረጉ፤ ክዳኑ ሁሉ የጥርስ ምልክት ነው።

«ልጄ ሆስፒታል የተኛ ጊዜ» አሉ፣ «አንድ ወር ከሥራ ቀርቻለሁ። አባትሽ የእኔን መዝገብ በእኔ እጅ አስመስሎ ጻፈ። ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ እንደ ማጭድ። አለቃው አላወቀም፤ እንጀራዬ አልተቆረጠም።» ብዕሩን መልሰው ሰጧት። «ውሰጂው። ከማን እንደሆነ ግን እንዳትነግሪው። ራሱ ያውቀዋል። እሁድ እመጣለሁ፤ ለክርስቲያን የተለየ ድስት ታስቀምጣላችሁ አይደል?»

«ሁለት ድስት፣ ጋሼ።»

«ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ። አሁን ሂጂ፣ መቀመጥ እንደማይሆንልሽ አይቻለሁ።»

ዓርብ ጠዋት በረንዳው ላይ ውኃ በሳህን፣ ጥቁሩን ብርጭቆ ወረቀት በመስታወት ላይ አድርጋ ተቀመጠች። የአባቷ እጅ ምን ያህል ዘንበል እንደሚል የሚለካ መሣሪያ የለም። ያላት አንድ ነገር ነው፤ የራሷ የኒካህ ወረቀት፣ በተበላሸው የአባቷ ብዕር የተጻፈ። ትዳሩ ሲፈርስ ወረቀቱን ያልጣለችው ለፊደሉ ስትል ነው። አሁንም የቀድሞ ባሏን ስም በአውራ ጣቷ ሸፍና የራሷን ብቻ ታያለች። ጫፉን ሁለት ጊዜ ትስላለች፣ ታጥባለች፣ ቀለም ነክራ «ቶይባ» ብላ ትጽፋለች፣ ከወረቀቱ ጎን አድርጋ ታያለች። የ«ባ» እግር ቀጭን ነው። ትነሳለች፣ እስከ በሩ ሄዳ ትመለሳለች፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ትስላለች። አንዴ ከበዛ አለቀ።

ሙስዓብ የሠርጉን ወንበር እያስገባ በአጠገቧ አለፈ። «ሙሽራዋን ትተሽ ብዕር ትኩያለሽ?»

«ሙሽራዋን የሚኩል ሞልቷል።»

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሁለቱ «ቶይባ»ዎች ተመሳሰሉ፤ የትኛው የአባቷ፣ የትኛው የእሷ እንደሆነ የሚለየው የቀለሙ እርጥበት ብቻ ነበር። ብዕሩን ቀለም ሞልታ በአባቷ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ከቀለሙ ብልቃጥ ጎን አኖረችው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል፤ እንቅልፍ ይሁን ኩርፊያ አልለየችም። አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ በራቸው አጠገብ ሁለት ጊዜ አለፈች። ምንም አይሰማም።

እሁድ ረፋድ ላይ ወንዶቹ ሳሎኑን ሞሉት። ጆቴ ኮታቸውን ለብሰው አብዱልመናን ጎን ተቀምጠዋል። ሙስዓብ ሙሽራው ያመጣውን በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ለማንኛውም» አለ። ቶይባ ከሴቶቹ ክፍል በር ላይ ቆማለች። ቦርሳዋ ከኩሽናው በር ጀርባ ነው፤ ወደ ሻሸመኔ የመጨረሻው ጥሩ መኪና የሚወጣው ከቀትር በፊት ነው። ማታ ልብሷን ስታስገባ ለራሷ ቁርጥ ያለ ነገር ብላለች፤ ከጻፉ እሄዳለሁ፣ ካልጻፉ ልብሱን መልሼ እሰቅላለሁ።

ሸሁ የምክር ንግግሩን፣ ኹጥባውን፣ ጨርሰው፣ አብዱልመናን ልጃቸውን ድረው፣ ሙሽራው «ተቀብያለሁ» አለ። ምስክሮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ ወረቀቱ» አሉ ሸሁ፤ ወደ ታተመው አዩና ደግሞ ወደ አብዱልመናን አዩ።

አብዱልመናን በግራ እጃቸው ከደረት ኪሳቸው ጥቁር ብዕር አወጡ። ክዳኑን ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ይህን የበላው አይጥ ነው?»

«የተራበ ስምሪት ጸሐፊ ነው» አሉ ጆቴ። ሳሎኑ ሳቀ። አብዱልመናን አልሳቁም፤ የጆቴን ጉልበት በግራ እጃቸው ነካ አደረጉና ክዳኑን ነቀሉ። ከዚያ በግራ እጃቸው ቀኙን አንስተው፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ፣ ነጩ ወረቀት ላይ አስቀመጡት።

የመጀመሪያው ፊደል ብዙ ጊዜ ወሰደ። አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ሁለተኛው ቶሎ መጣ። ቶይባ ከቆመችበት ፊደሉ አይታያትም፤ የምትሰማው ድምፁን ነው፤ ደፍጣጣ ጫፍ ወረቀት ላይ ሲወርድ የሚያሰማውን፣ ደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚሳብ ጨርቅ ያለውን ድምፅ። ይቆማል፣ ይቀጥላል። አይቧጥጥም።

«ቀለሙን አቅርቡልኝ» አሉ አባቷ፣ ቀና ሳይሉ።

ሙስዓብ ብልቃጡን አስጠጋ። የተለበጠውን ወረቀት አንስቶ ከትራሱ ሥር ከተተው። ከዚያ እሱም አንገቱን አስግጎ የሚጻፈውን ማየት ጀመረ።

ቶይባ ወደ ኋላ ተመለሰች። ሑስና በሴቶች ተከባ አትታይም። ቦርሳዋን አነሳች፤ በውስጡ ሁለት ብዕር፣ ጥቁሩ ብርጭቆ ወረቀትና የራሷ ኒካህ አለ። የቴምሩን ካርቶን በቦታው ተወችው። ደጃፉ ላይ ከተከመረው የእንግዳ ጫማ መሀል የራሷን ጎትታ ለማውጣት ጊዜ ፈጀባት። የተቆረሰ ዳቦ በትሪ ይዛ የምትገባ ሴት መተላለፊያው ላይ ገጠመቻት።

«አንዴ አሳልፊኝ፣ እናቴ» አለቻት ሴትየዋ።

ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠግታ ከግድግዳው ተጠጋች። ሴትየዋ ገባች። ከቤቱ እልልታ ሲነሳ ቶይባ የቆመ ባጃጅ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ እየተራመደች ነበር።